አራት መስመር ለአዴ ጫልቱ

ደብዳቤው አራት መስመር ነው። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ፊርማውንና ማህተሙን ትተን ማለቴ ነው። ለአራት መስመር ቢበዛ ሩብ ሰዓት ይበቃል። እኔ ግን ሰባት ሳምንት ተኛሁበት፤ በመጨረሻ ስጽፈው ደግሞ ለማንም የማይጠቅም ወረቀት ሆኖ ነበር። ዛሬም ድረስ አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ለመናዘዝ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ኑዛዜውን በጊዜው ጨርሻለሁ። የምጽፈው እንደ እኔ ያለ ሰው ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ምትኩ እባላለሁ። በዚያን ጊዜ ቡራዩ ውስጥ የአንዲት አነስተኛ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ሲባል ትልቅ ሹመት እንዳይመስላችሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን፣ የአባላት መዝገብና አንድ ክብ ማህተም፣ በቃ ይኸው ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት እበይዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እጄን ታጥቤ ቢሮ እገባለሁ።

ያደግሁት ሱሉልታ ነው። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችው። በሃያ ዓመቴ ሥራ ፍለጋ ቡራዩ ስመጣ የተከራየሁት ክፍል አዴ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ነበር። አዴ በኦሮሚኛ ለትልቅ ሴት የሚባል የአክብሮት መጠሪያ ነው፣ እንደ እትዬ። አዴ ጫልቱ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ከመናገሻ መጥተው አስተማሪ ከሆነችው ከአንድ ልጃቸው ከሌንሴ ጋር ይኖሩ ነበር። ተከራየሁ እላለሁ እንጂ፣ ከሦስተኛው ወር በኋላ ልጅ እንጂ ተከራይ አልነበርኩም። ስታመም ያስታመሙኝ፣ ስጠጣ የተቆጡኝ፣ መጠጡን ትቼ ጌታን እስካገኝ ድረስ በስሜ የጸለዩልኝ እሳቸው ናቸው።

ፊደል አልቆጠሩም። ማታ ማታ መጽሐፍ ቅዱስ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ቀኑን ስበይድ ውዬ ዐይኔ ሲከደን ትከሻዬን ነካ ያደርጉና፣ «አንተ! ጳውሎስን ባሕር ላይ ትተኸው ተኛህ እንዴ? መርከቡ ሳይሰበር አንብብ እንጂ» ይሉኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ወደ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ለአንድ ዓመት ለሚሄድ የወንጌል ቡድን ተመረጥኩ። ኔትወርክ እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ለመመላለስ በማይመች አገር ነው። የምንነሣው በሰኔ ወር፣ አንድ ሐሙስ ቀን እንዲሆን ተወሰነ። አዴ ጫልቱ ይህን ሲሰሙ እልል አሉ፤ ከዚያ ጎናቸው አስቀመጡኝ።

«ምትኩ፣ ኢልማ ኮ፣ ከመሄድህ በፊት አንድ ወረቀት ጻፍልኝ።» ኢልማ ኮ ልጄ ማለታቸው ነው።

«የምን ወረቀት አዴ?»

«ከዱጋሳ ጎን የምተኛበትን።»

ኦቦ፣ እንደ አቶ ማለት ነው፣ ዱጋሳ ባለቤታቸው ናቸው። መናገሻ በሚገኘው የወንጌል አማኞች መካነ መቃብር ነው ያረፉት። አዴ ጫልቱ ከመቃብሩ ራስጌ አንዲት የጽድ ችግኝ ተክለው፣ ከጎኑ ለራሳቸው የሚሆን ቦታ አስቀርተው ነበር። ችግሩ ቦታው ጠባብ ነው። ከዚህ ቀደም አንድ ሰው በቃል ምስክርነት ብቻ ተቀብሮ፣ ዘመዶቹ «የእኛ እምነት ተከታይ ነው» ብለው ትልቅ ጠብ ተነሥቶ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ የመናገሻ ሽማግሌዎች ሕግ አወጡ። ከዚያ የወጣ አባል ሲሞት፣ አሁን ካለበት ቤተ ክርስቲያን ቁጥርና ማህተም ያለው ደብዳቤ ካልመጣ አይቀበርም። ያን ደብዳቤ የሚጽፈው ደግሞ የቡራዩው ጸሐፊ፣ ማለትም እኔ ነኝ።

«አያሟርቱ እንጂ አዴ! ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው። «እኔ ተመልሼ ገና የሌንሴን ሰርግ እንበላለን።»

«እሱንም እንበላለን። ወረቀቱ ምን ይጎዳል፣ ጻፈውና ይቀመጥ።»

«እሺ፣ ነገ።»

ለሰው የምናገረው ምክንያት ሟርቱን ነበር። ቁጭ ብሎ በሚስቅ ሰው ስም የመቃብር ደብዳቤ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ፣ እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሌላ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሌላ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነበር፤ ለሚደግፉን ምእመናን የሚበተን የጸሎት ደብዳቤ። አምስት ገጽ ሆነ። ጽፌ እሰርዛለሁ፣ ሰርዤ እጽፋለሁ። «እስከ ምድር ዳር» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ላይ ላድርገው ወይስ መጨረሻ ላይ እያልኩ ሙሉ ከሰዓት በኋላ አቃጥያለሁ። አብሮት የሚወጣውን ፎቶግራፍ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ለአዴ ጫልቱ አራት መስመር ግን ጊዜ አጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ጠየቁኝ፤ «ሰኞ» አልኳቸው። ሦስተኛ ጊዜ የመጡት ቢሮዬ ድረስ ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ ባለጉዳይ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ከመቀነታቸው ውስጥ አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ምንድን ነው አዴ?»

«ምናልባት መጻፊያ አጥተህ ከሆነ ብዬ ነው» አሉ፣ ሳቃቸውን አፍነው።

ሁለታችንም ሳቅን። እስክሪብቶውን ደረት ኪሴ ላይ ሰካሁት፤ ደብዳቤውን ግን አልጻፍኩም።

እሁድ ዕለት የሽኝት ፕሮግራም ተደረገልን። ተጸለየልን፣ ተዘመረልን፣ እኔም ምስክርነት ሰጥቼ ሰው አስለቀስኩ። ከመድረክ ስወርድ አዴ ጫልቱ አንገቴን አቅፈው በጆሮዬ፣ «ያቺ ነገርስ?» አሉኝ። ዙሪያዬን ሰው ከቦኛል፣ ሁሉም እያመሰገነኝ ነው። ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ «ተጽፏል አዴ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ አያስቡ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ገለቶሚ፣ ኢልማ ኮ» ብለው አመስግነው ጉንጬን ሳሙኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ እጽፈዋለሁ፣ ያኔ ውሸቱ ውሸት መሆኑ ይቀራል ብዬ አስቤ ነበር።

ማታ እንግዳ መጣ። ሰኞ ሻንጣ፣ ማክሰኞ መድኃኒትና የዝናብ ልብስ ግዢ። ረቡዕ ማህተሙን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ፣ ቁልፉን ለተተኪዬ አስረክባለሁ ብዬ ረሳሁት። ኪሴ ውስጥ ቀረ። ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል መኪናው በር ላይ ቆሞ ልሰናበታቸው ስገባ ሌንሴ ደጃፉ ላይ አገኘችኝ።

«ሌሊቱን ስታስል ነው ያደረችው። አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት» አለችኝ። «ልቀስቅሳት?»

«ተዪያቸው፣ ይተኙ። ከሰበታ እደውላለሁ።»

አያችሁ፣ ስንብቱንም ለነገ አሳደርኩት። መኪናው ውስጥ ሆኜ ለደብዳቤውም መላ አበጀሁለት። ከመንገድ ጽፌ በስልክ እልከዋለሁ፣ ቁልፉን በሰው እሰዳለሁ፣ ተተኪዬ ማህተም ይመታበታል። ሰነፍ ሰው መላ አያጣም።

ሰበታ የምንቆመው ከዚያ የሚነሡትን የቡድኑን አባላት ለመጫን ነበር። ቁርስ በላን፣ ጸለይን፣ ዕቃ በመጫን ላይ ሳለን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ስልኬ ጠራ። ሌንሴ ናት።

«ምትኩ፣ እማዬ አረፈች።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። የማስታውሰው መኪናው ጣራ ላይ የነበረው ልጅ «ገመዱን ያዝ!» ሲለኝ ገመዱ ከእጄ ወርዶ እንደነበር ነው።

«እናንተ እንደወጣችሁ ትንፋሽ አጠራት። ሐኪም ቤት ሳንደርስ...» አለች። ከዚያ ድምጿን አጠንክራ ቀጠለች። «ስማኝ፣ ዛሬ ስምንት ሰዓት መናገሻ እንቀብራታለን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አይቻልም። ደብዳቤው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው ብለሃት ነበር፣ ቁም ሣጥኑ ተቆልፏል።»

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

«ደብዳቤው ግን አለ አይደል? ፓስተራችን፣ ደብዳቤው ከጠፋ ንገሩኝ እያለ ነው። አሁኑኑ ቀድሜ መናገሻ ልሂድና እኔው መስክሬ ሽማግሌዎቹን ልለምን ይላል።»

ይህችን ቅጽበት ደግሜ ደግሜ ኖሬባታለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «የለም» ብላት ኖሮ ፓስተሩ ይሄዳል፣ አለዚያም ቁም ሣጥኑን ሰብረው በማህተሙ ራሳቸው ይጽፋሉ። እኔ ግን በእናቷ ሬሳ ላይ ዋሽቻቸው ነበር ማለት አቃተኝ።

«አያስፈልግም» አልኩ። «ደብዳቤው አለ። ቁልፉን ይዤ እየመጣሁ ነው።»

ለቡድኑ መሪ ነገርኩትና ሻንጣዬን መኪናው ላይ እንዳለ ትቼ ወደ አየር ጤና የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ገና ፉሪን ሳናልፍ መንገዱ ቆመ። አሸዋ የጫነ መኪና ተገልብጦ አስፋልቱን ዘግቶታል። ሹፌራችን ሞተሩን አጥፍቶ ሊያይ ወረደ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ያቺን ሰማያዊ እስክሪብቶ ከደረት ኪሴ አወጣሁ።

ሹፌሩ ተመልሶ ሳይገባ ጽፌ ጨረስኩ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ለሰባት ሳምንት የሸሸሁት ሥራ አንድ ሰው አደጋ አይቶ እስኪመለስ ድረስ አለቀ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «አይዞህ ልጄ፣ ይከፈታል፣ መንገድ ነው» አሉኝ።

መንገዱ የተከፈተው ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አየር ጤና ታክሲ ጠበቅሁ፤ ዝናቡ ጀመረ። ቡራዩ ቢሮ ስደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ግቢው ውስጥ ዘበኛው ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉም ቀብር ሄዷል። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት አወጣሁና መገልበጥ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስልኬ ጠራ። ሌንሴ። ምን እላታለሁ? ሁለት ደቂቃ ናት፣ ጨርሼ እመልስላታለሁ ብዬ ዝም አልኩት። ጮኾ ጮኾ ቆመ። ጨርሼ ስደውል አላነሣችም።

ቀኑን ስጽፍ እጄ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ የእሁዱን ቀን ጻፍኩበት። ማህተሙን መታሁና ወረቀቱን ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ወደ መናገሻ ስንጓዝ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች የሞሉበት አንድ አውቶቡስ ከፊታችን መጥቶ አለፈን። የሌላ ሰው ቀብር መስሎኝ እግዚአብሔር ያጽናቸው አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ገደማ መካነ መቃብሩ ደጃፍ ወረድኩ። ሰው የለም። ጭቃው በእግር ተረጋግጦ ተቦክቷል። ወደ ውስጥ ስገባ አምስት ጎልማሶች አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው ጃንጥላ የያዙት ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ የመቃብሩ ኃላፊ። ከፊታቸው፣ ከጽዱ ሥር፣ ከኦቦ ዱጋሳ መቃብር ጎን፣ ጉድጓዱ ተከፍቶ ይታያል። ውስጡ ባዶ ነው።

«ኦቦ ገመቹ፣ ደብዳቤውን ይዤ መጥቻለሁ» አልኩ እያለከለክሁ።

ከፕላስቲኩ አውጥተው ጃንጥላቸው ሥር አነበቡት። ከዚያ ማህተሙን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ሐምራዊው ቀለም ጣታቸውን ተከትሎ ወረቀቱ ላይ ተለቀለቀ። ጣታቸውን አዩት፣ ቀኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ይሄ እሁድ የተመታ ማህተም ነው?»

«አይደለም፣ አባቴ» አልኩ። «ዛሬ ነው። አሁን ነው የጻፍኩት።»

ወረቀቱን አጥፈው ያዙት። ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጫልቱን እኮ እናውቃታለን» አሉ። «ይህንን ጽድ ስትተክል ውሃ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ፓስተራችሁ በጠዋት መጥቶ ደብዳቤ የለንም፣ ምስክሯ እኔ ነኝ ቢለን ሽማግሌ ተሰብስቦ ይመክር ነበር፣ እሺ እንል ነበር። እናንተ ግን ደብዳቤ አለ፣ መንገድ ላይ ነው አላችሁን። ጉድጓዱንም ያስቆፈርነው እሱን አምነን ነው። ሬሳው መጣ፣ ደብዳቤው አልመጣም። አለ የተባለ ነገር ሲጠፋ ሰው ይጠረጥራል። ምን የተደበቀ ነገር ቢኖር ነው አለ ሽማግሌው ሁሉ። ከዚያ ወዲያ ፓስተሩ ቢለምንም አልሆነም።»

«የት ወሰዷቸው?»

«አንድ ሰዓት ያህል ደጅ ላይ ዝናብ መታቸው። ልጅቷ መጨረሻ ላይ እናቴ በሞተችበት ቀን ደጅ አትጠናም አለችና ሬሳውን አስነሣች። ቡራዩ መለሷት። አሁን ብትነሣም ቀብሩ ላይ አትደርስም።»

ያለፈኝ አውቶቡስ የእነሱ ነበር።

ኦቦ ገመቹ ወደ ጎልማሶቹ ዞረው በኦሮሚኛ «ድፈኑት» አሏቸው። በዚያ አገር የተከፈተ ጉድጓድ ባዶውን አያድርም፤ ካደረ ሌላ ሰው ይጠራል ይባላል። አማኞቹ ይህን አናምንም ይላሉ፣ ግን አንድም ሰው ሳይደፍን ወደ ቤቱ አይሄድም። አካፋ ለመንኩ። አንደኛው የራሱን ሰጠኝ።

ሰው ሳይገባበት መቃብር ደፍናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ ቀብር ላይ አካፋ ይዣለሁ፤ እንደዚያ ቀን አፈሩ የከበደኝ የለም። ሬሳ ሲኖር አፈሩ ማልበስ ነው፣ ወግ ነው። እዚያ የማለብሰው ሰው አልነበረም። ጉድጓዱን ሲቆፍሩ የጽዱን ሥር ቆርጠውት ነበር፤ የተቆረጠው ሥር ሽታ ከጭቃው ጋር አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። በልቤ «አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ» እላለሁ፣ ደግሞ አፈር እጨምራለሁ። ስንጨርስ ኦቦ ገመቹ ደብዳቤውን መልሰው ሰጡኝ። «ያንተ ነው» ብቻ አሉኝ።

ሲመሻሽ ቡራዩ ደረስኩ። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ሌንሴ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሟርቱ እስከ እሁዱ ቀን፣ ያላነሣሁትን ስልክ ጭምር። ስጨርስ እሷ ጀመረች።

«ትናንት ምን ስትል እንደዋለች ታውቃለህ? ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራች፣ ልጄ መሄጃዬን ጽፎልኛል፣ ከእንግዲህ ምን አለብኝ ስትል ነው የዋለችው። ደስ ብሏት ነው የሞተችው።»

አጠገቤ በነበረው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

«እሷ ብትሰማ ይቅር እንደምትልህ አውቃለሁ» አለች ሌንሴ። «እኔ ግን ገና ነኝ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡድኑን ተከትዬ ሄድኩ። በቤተ ክርስቲያን ፊት ቆሜ ከተናገርኩ በኋላ ነው የሄድኩት፤ የጸሐፊነቱንም ሥራ አስረከብኩ። ጠረፍ ላይ በቆየሁበት ዓመት ሰው ደብዳቤ ጻፍልኝ ካለኝ ቆሜም ቢሆን በዚያው እጽፋለሁ። ሰዎቹ ትጉህ ነው ይሉኝ ነበር። ትጋት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ከተመለስኩ በኋላ የሌንሴ ሰርግ ተበላ፤ ጠርታኝ ሄጃለሁ። በእናቷ ቦታ የተቀመጡት አክስቷ ነበሩ። ሌንሴ ሳህን ስታቀብለኝ ፈገግ አለች፤ ስለዚያ ቀን ግን እስከ ዛሬ አላነሣንም።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሰው ከእናንተ የሚጠብቀው ወረቀት፣ ስልክ ወይም ቃል ካለ፣ ይህን ገጽ ዘግታችሁ ሂዱና ፈጽሙት። ካልቻላችሁ ደግሞ አልሠራሁትም በሉት። እኔን የጎዳኝ ደብዳቤውን አለመጻፌ ብቻ አይደለም። «አለ» ማለቴ ነው። አልጻፍኩም ብዬ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ይጽፍላቸው ነበር።

በወር አንድ ጊዜ ሁለቱንም መቃብር እጎበኛለሁ። መጀመሪያ ቡራዩ አዴ ጫልቱ ጋ፣ ከዚያ በሚኒባስ መናገሻ ኦቦ ዱጋሳ ጋ። ጽዱ ሥሩ ተቆርጦም አልደረቀም፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ሣር ለብሷል። እዚያ ቆሜ ደብዳቤውን አውጥቼ ለሁለቱም አነብላቸዋለሁ፤

«ወይዘሮ ጫልቱ የቤተ ክርስቲያናችን ታማኝ አባል መሆናቸውን እናረጋግጣለን።
ከባለቤታቸው ከአቶ ዱጋሳ ጎን እንዲያርፉ ፈቃዳቸው ነው።
በእኛ በኩል ምንም ተቃውሞ የለንም።
በጌታ ሰላም ሸኝተናቸዋል።»

ማህተሙ እንደተለቀለቀ ነው። ቀኑንም አላረምኩትም። አሁንም እሁድን ነው የሚያሳየው፤ አዴ ጫልቱ አንገቴን አቅፈው «ያቺ ነገርስ?» ያሉኝን ቀን።